ሌባሻዩ ዲያቆኑን ያዘ

ሰኞ፣ ግንቦት 11፤ ጠዋት 3 ሰዓት

ደብተሬ ሆይ፣ ሽፋንሽን እንደ ባንዲራ ዝቅ አድርጊ። ታላቅና አሳዛኝ ዜና አለኝ። በኮሌጃችን ኮምፒውተር ክፍል ተማሪን ሲያስለቅስ የኖረው ሌባሻይ በድንገተኛ ሕመም ላይ ይገኛል። አስታማሚዎቹ እኔና እትዬ ሰብለ ነን። ጸሎትሽ አይለየን።

ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ሶፍትዌር ነው። የተማሪ ጽሑፍ ከሌላ ሰው የተገለበጠ መሆን አለመሆኑን ያሸታል። የተገለበጠውን ቀይ ይቀባል፣ ከታች ፐርሰንት ይሰጣል። ከሃያ በላይ ከሆነ ጽሑፉ ውድቅ። የድሮው ሌባሻይ፣ መድኃኒት አጠጥተው ሌባ ፈልግ የሚሉት ልጅ፣ እየተንደረደረ ሄዶ የሰው ደጃፍ ላይ ይወድቅ ነበር አሉ። የኛውም ዛሬ ወደቀ። ዲ/ን ሙሉቀን ላይ። ዘጠና አንድ ፐርሰንት።

ዲ/ን ሙሉቀን የጉና ልጅ ነው። ዘንድሮ ተመራቂ። ፈተና ላይ ጎኑ ያለው ቢያስነጥሰው እንኳ ወሬ እንዳይመስልበት ይማርህ የማይል ሰው።

የአካባቢ ሳይንስ መምህሩ መ/ር ይርሳው የመመረቂያ ወረቀቱን ይዘው መጡ። ማሽናችሁ ነው እንጅ ልጁስ አይሰርቅም አሉ። አለቃዬ እትዬ ሰብለ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ቅዳሜ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ሰርቨሩ ወድቆ፣ ሌባሻዩን እንደገና የጫንኩት እኔ ነኛ። ትምህርቴን ከሁለተኛ ዓመት ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ግማሽ ተምሬያለሁ፤ የጫንኩትም ግማሹን ሊሆን ይችላል።

ዓርብ ኮሚቴ ይቀመጣል። ፐርሰንቱ እውነት ከሆነ ዲያቆኑ አይመረቅም። አባቱ ለምርቃቱ የሚታረደውን በግ ከወዲሁ ለይተው አስረውታል አሉ። በጉም ውጤቱን ይጠብቃል።

ማክሰኞ፣ 12፤ ከሰዓት

ምርመራ ላይ ነኝ። አጥፍቼ አበራሁ። የሙያችን ግማሹ ይኸው ነው። አልዳነም።

ከቶ ያልተገለበጠ ነገር አብልቼ ልየው ብዬ ላይብረሪ ለምትሠራው ለትዕግሥት የጻፍኩትን ደብዳቤ አስገባሁ። ስድሳ ፐርሰንት። ላብ አጠመቀኝ። ከማን ነው ብዬ ሳይ ከአንድ ያምና ተመራቂ የምስጋና ገጽ። በችግሬም በደስታዬም ከጎኔ ያልተለየሽ ምናምን ይላል። ልጁ ለእናቱ የጻፈው። ወረቀቱን ሳትምለት ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ተኝቶ ኖሯል። ትዕግሥት መልስ ያልሰጠችኝ ለካ ልጇ አድርጋ ቆጥራኝ ነው።

ከደብዳቤው ግን አንድ ጥቅም ተገኘ። ሌባሻዩ የምስጋናውን ገጽ ይቆጥራል። የዋቢ መጻሕፍቱንም። ሁሉም ተማሪ እግዚአብሔርን የሚያመሰግነው በአንድ ዓይነት ቃል ስለሆነ ያመሰገነ ሁሉ ሌባ ሆኗል። ቅዳሜ ስጭነው እነዚህን ገጾች ዝለል የሚለውን ምልክት አልነካሁም። አሁን ነካሁት። የስንቱ ወረቀት ከቀይ ወደ ነጭ ተመለሰ። ደጅ የተሰለፉት ተማሪዎች ትከሻዬን ይመቱኛል። እትዬ ሰብለ ዳቦ በሻይ ጋበዙኝ፤ በታሪክ የመጀመሪያው።

ዳቦውን እየገመጥኩ የዲያቆኑን አስገባሁ።

ሰማንያ ዘጠኝ።

ዳቦውን አስቀመጥኩት።

ረቡዕ፣ 13፤ ጠዋት

ሌባሻዩ ከየት እንደተገለበጠም ይናገራል። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ለአንደኛ ዓመት ካዘጋጁት ሃንድአውት ነው። ስለ ድንች ዘር አያያዝ። እትዬ ሰብለ አምና ሰርቨሩ ላይ ጭነውት ነበር።

ዲያቆኑን አስጠራሁት። ጋቢውን አጣፍቶ መጣ። ተቀመጥ እስክለው ቆመ። ቄሱ፣ ሰረቅህ ወይስ ተሰረቅህ አልኩት። አልሳቀም። ሃንድአውቱን አንደኛ ዓመት እያለ ተውሶ አንብቦ መልሷል። ከዚያ ወዲህ ዓይኑ አላየውም። ማልልኝ አላልኩትም፤ መሐላ እንደማይወድ ግንባሩ ላይ ተጽፏል።

አዘንኩለት። የኛን ዘዴ ነገርኩት። ሀን በሐ፣ ሰን በሠ መለዋወጥ ነው። ሰው ሲያነበው ያው ነው፤ ሌባሻዩ ግን ሌላ ቃል መስሎት ይታወራል። ግማሽ ቀን ይበቃናል፣ እኔ እተይብልሃለሁ አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። በንጉሡ ሠ የሚጻፈውን በእሳቱ ሰ ከምጽፍ ዓመቱን ብደግም ይሻለኛል አለ።

"ስትቀልድ ከሆነ ይቅር ይበልህ። የምርህን ከሆነ ግን ወንድሜ፣ ንስሐ ግባ።"

ይሄ ሰው ሌባ ከሆነ እኔ ጳጳስ ነኝ። ታዲያ ሰማንያ ዘጠኙ ከየት መጣ?

ሐሙስ፣ 14፤ ከሰዓት

ፈተንኩት። ባዶ ኮምፒውተር። ኢንተርኔቱ የተነቀለ። ስልኩ እኔ ኪስ ውስጥ። ስለ ድንች ዘር መጋዘን አንድ ገጽ ጻፍ አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ። ትንሽ ተወዛወዘ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ አንድ ጣቱ ከኋላ እየተንጠባጠበ ይከተላል። በሩን ቆልፌበት ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ። ገጹ ሞልቷል። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ ሥዕሉን በሚቀጥለው ገጽ ይመልከቱ።

ሥዕል የለ። የሚቀጥል ገጽ የለ።

ሃንድአውቱ ላይ ግን አለ። ልክ እዚያው ቦታ።

ደብተሬ፣ ሌባሻዩ ጤነኛ ነው። ጤነኛ ሳስታምም ነው የሰነበትኩት።

ዲያቆኑ ሃንድአውቱን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይዞታል። ምን ነክቶህ ነው አልኩት። ጥያቄው ራሱ ገረመው። ልጅነቱን ያሳለፈው ዜማ ቤት ነው። እዚያ የየኔታን ቃል አንዲት ፊደል ከጣልክ ከመጀመሪያው ጀምር ትባላለህ። ታዲያ እዚህም ጻፍ ሲሉት መምህሩ ያሉትን ሳይጥል ሳያጎድል ጻፈ። እንዲያውም በልቡ ምስጋና ይጠብቅ ነበር።

"የመምህርን ቃል መለወጥ ድፍረት አይደለም እንዴ?" አለኝ።

ስልኩን ከኪሴ አውጥቼ መለስኩለት። 

ዓርብ፣ 15፤ ከኮሚቴው በፊት

ዲያቆኑን ይዤ መ/ር ይርሳው ቢሮ ሄድኩ። ነገሩን ከነሥዕሉ አስረዳኋቸው። ሳቃቸው መጣ፣ መልሰው ዋጡት። ሌባ አለመሆኑን አምናለሁ፣ ለኮሚቴውም እናገራለሁ አሉ። ግን ጽሑፉ የሱ አይደለም። የሱ ያልሆነ ጽሑፍ አያስመርቅም። ልክ ናቸው፤ እኔም ብሆን ያው ነው የምለው።

ዲያቆኑ መሬት መሬት ያያል። በመስኮቱ ስንጥቅ የጉና ብርድ ይገባል። የምለው ሲጠፋኝ ማላገጥ ነው የሚቀናኝ። ቄሱ፣ ቅኔ ቤትስ ገብተሃል አልኩት። ጥቂት ጊዜ ገብቻለሁ አለ። እዚያስ አንዱ የጓደኛውን የትናንት ቅኔ ይዞ የኔታ ፊት ቢቆም?

ቀና አለ። ሲቆጣ አይቼው አላውቅም ነበር።

"እንዴት ተደርጎ? ቅኔ እኮ በየቀኑ አዲስ ነው። የሰው ቅኔ ይዞ የቀረበ ሰው በምን ፊቱ ይቆማል?"

"እሽ፣ ይሄ ኮሌጅስ ምን ቤት መሰለህ?" አልኩት።

 መ/ር ይርሳው መነጽራቸውን አወለቁ። ዲያቆኑ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀቱን አየ። ጆሮው ቀላ።

"ዜማ ቤት መስሎኝ ነበር" አለ ቀስ ብሎ።

 ከዚያ መ/ር ይርሳው አባቱ የድንቹን ዘር የት እንደሚያስቀምጡ ጠየቁት። ከቤቱ ጀርባ፣ ጉድጓድ ውስጥ፣ ግን እሱ እኮ ትምህርት አይደለም አለ። እሱን ጻፍ አሉት። ሃንድአውቱ ካስፈለገህ የሰውየውን ስም ጠርተህ፣ እሳቸው እንዲህ አሉ ብለህ ጥቀስ። ኮሚቴውን እስከ ማክሰኞ ጊዜ እንዲሰጥህ እለምንልሃለሁ።

ለምነው አገኙለት። ዲያቆኑ በመጀመሪያው መኪና ወደ ጉና ወጣ።

ማክሰኞ፣ 19፤ ከሰዓት

ተመልሶ መጣ። ጫማው የጉና ጭቃ እንደለበሰ። የተየብኩለት እኔ ነኝ፤ በአንድ ጣቱ ቢሆን ለሚቀጥለው ዓመት ምርቃት ነበር የሚደርሰው። አባቱ ጉድጓዱን ከምን ከምን እንደሚያለብሱት፣ ውርጩ ሲጠና ገለባውን እንዴት እንደሚደርቡ፣ የትኛው ዘር ቶሎ እንደሚበሰብስ፣ ጃርት እንዴት እንደምትሰርቃቸውና ማታ ማታ እንዴት እንደሚሰድቧት ጭምር ጽፏል። ስድቡን ይቅር ብዬው ነበር፤ መ/ር ይርሳው ይቀመጥ አሉ።

ሌባሻዩ ፊት አቀረብነው። ዲያቆኑ ከኋላዬ ቆሞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። በዚህ ጊዜ ሃንድአውት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ጸሎት ነው።

አራት ፐርሰንት። አራቱም ስም ጠርቶ የጠቀሳቸው።

አልጨፈረም። ጋቢውን አስተካከለና እጄን ጨበጠኝ። የያዘኝ ግን ረጅም ጊዜ ነው።

እትዬ ሰብለ ከኮሚቴው ሲወጡ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ የውሃው ታንከር ጉዳይ ተነሥቶ ተሟገቱ። ከዚያ የተሰበሩት ወንበሮች። ከዚያ ዲያቆኑ። መ/ር ይርሳው ሁለት ዐረፍተ ነገር ተናገሩ፣ ሰብሳቢው ይለፍ አሉ፣ ወደ ሽንት ቤቱ ቁልፍ ተሻገሩ። ሻዩ እንኳ አልቀዘቀዘም አሉኝ።

ይለፍ። ሳምንቱን ሙሉ የባዘንኩበት ይሄ ነው።

አንድ ነገር ወስኛለሁ። ከመስከረም ጀምሮ አዲስ ተማሪ ሌባሻዩ ፊት ከመቅረቡ በፊት በየትኛው ቤት እንዳደገ እጠይቀዋለሁ፤ እትዬ ሰብለም ተስማምተዋል። የቀረውን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደብተሬ፦ የታመመ የለም፣ የተሰረቀ የለም። አንድ ልጅ ስለ ድንች ሁለት ጊዜ ጻፈ፣ በቃ። ይህን ሁሉ ገጽ ያስጨረሰሽ ነገር ቢጠቀለል እፍኝ አይሞላም።