በአያ ሞላ ደረት ላይ የተዘፈነው የሠርግ ዘፈን

ሰኞ

ዛሬ አንድ አሻንጉሊት ገደልን። ነርሷ ሲስተር ሰላም የሰው ቁመት ያለው ፕላስቲክ የቀበሌው አዳራሽ ወለል ላይ አጋድማ፣ ልቡ ቆሟል፣ እጃችሁን ደራርባችሁ ደረቱን መሀል ለመሀል ተጫኑ አለችን። ፍጥነቱ እንዳይዛባም እየዘፈናችሁ ይሁን አለች። ጎረቤቴ ጥሩነሽ ለዘፈን አትለመንም፤ ድንች ስንቆፍር የምንዘፍነውን የደቦ ዘፈን በአዊኛ አወጣች። እሷ ስታወጣ እጃችንን አንሥተን እንጠብቃለን፤ ስንቀበል እንጫናለን። ማሳ ላይ የለመድነው እንደዚያ ነው።

ሲስተር ሰላም ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ "እናቶቼ፣ እናንተ ግጥም ስትሰሙ ሰውየው ሞተ" አለች።

የእኔ ተራ ሲደርስ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ባለቤቴ ጓሮ የወደቀ ቀን ውሃ ረጨሁበት፣ ጮህሁ። ደረቱን አልነካሁም። አታውቂም ነበር ይሉኛል። እውነት ነው፤ ግን አያስተኛም።

ማክሰኞ

የሰጠችንን ወረቀት አነበብሁ። ፊደል የለየሁት በልጄ አሮጌ መጽሐፍ ስለሆነ ቀስ እያልሁ ነው። በደቂቃ ከመቶ እስከ መቶ ሃያ፣ ሳይቋረጥ ይላል።

ትራስ ላይ ሞከርሁ። እሹሩሩ ያዘግማል። የቤተ ክርስቲያን መዝሙርም ያዘግማል። ከዚያ የሠርግ ዘፈን ትዝ አለኝ። እሱ ላይ ማንም ያውጣ ማን፣ ጭብጨባው አይቆምም። ሰዓቱን አየሁ፤ ልክ ገጠመ። ጥሩነሽ ከአጥሩ ማዶ ሰምታኝ፣ "ውዴ፣ ማንን ልታገቢ ነው?" አለች። ትራሱን አልሁ። ስቀን ስቀን እንባችን ወጣ።

ረቡዕ

በሠርግ ዘፈን ተጫንን። ሲስተር ሰላም ሰዓቷን እያየች ራሷን ነቀነቀች። እኔም ተጫንሁ። እጄ ታዘዘ!

ዓርብ

የዛሬውን ሳልተኛ ልጻፍ።

ለጥሩነሽ ልጅ የእሑድ ሠርግ ድንኳን ተተክሎ ነበር። የጥሩነሽ ባል አያ ሞላ አምፖል ሲያንጠለጥል እርጥቡ ሽቦ ያዘውና ወደቀ። ሮጬ ቆጣሪውን ዘጋሁ። ትንፋሽ የለውም። ጥሩነሽ ፊቷን ልትነጭ እጇን አነሣች። ተንበርክኬ መጫን ጀመርሁ።

"ጥሩነሽ፣ አታልቅሺ። አውጪ።"

አየችኝ። ከዚያ እያነባች የልጇን የሠርግ ዘፈን በባሏ ላይ አወጣች። ሴቶቹ ተቀበሉ፤ ሲደክመኝ እየተፈራረቁ ተጫኑ። አንድ ሽማግሌ በሬሳ ላይ ይዘፈናል ወይ ብለው ተቆጡ። የመንገዱ ሰው ደግሞ ሠርጉ የተጀመረ መስሎት እልል እያለ ገባ፤ ሲያየን ደነገጠ። እኛ አላቆምንም።

አምቡላንስ ሳይደርስ አያ ሞላ አቃሰተ። እንደዚያ ያለ የሚያምር ማቃሰት ሰምቼ አላውቅም።

ቅዳሜ

ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅሁት። ደረቱን እንደ ጤፍ የወቃው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ዘፈኑን ሰምቶ "ያለ እኔ ጀመሩት" ብሎ ተናዶ እንደተነሣ ለመጣው ሁሉ ያወራል። ውሸቱን ነው፤ ግን ማን ይከለክለዋል? ሐኪሙ ልቡ ደህና ነው፣ ነገ ጠዋት አይቼ ለሠርጉ እለቀው ይሆናል ብሏል። ይሆናል ነው ያለው።

ጥሩነሽ ከትናንት ወዲህ ድምፅዋ ተዘግቷል። ነገ የምታወጪው አንቺ ነሽ አለችኝ፣ በሹክሹክታ። ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ ሠርግ ላይ አጨብጭቤ አላውቅም። እምቢ ልል አፌን ከፈትሁና እሺ አልሁ።

ድምፄ እንዴት እንደሚሆን እንጃ። እጄን ግን አምነዋለሁ።