ለብሳ ትጠብቃለች

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ሐሙስ፣ ከሥራ መልስ

ይድረስ ለጓደኛዬ እናት፣ እኔም ከእናቴ ቀጥሎ ለምሳሳልዎት እማማ፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት አደረገዎት? ያ የሚያንጠባጥበው ጣሪያ ክረምቱ ሳይገባ ተሠራልዎት ወይስ ዘንድሮም ባልዲ እየደቀኑ ሊያድሩ ነው? ሰፈሩ ደህና ነው? እናቴስ እንዴት ናት? ከእንግሊዝ ከተመለስኩ ጀምሮ ስልኳ ይጠራል እንጂ አይነሳም። እርስዎ በአጥር ማዶ ስለሚያይዋት ነው የምጠይቅዎት። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምዎት አይቀርም። በስልክ ቢሆን ድምፄ ያሳብቅብኛል፤ እርስዎ ደግሞ ገና ሃሎ ስል ነው የሚያውቁብኝ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነገ ወደ አዲስ አበባ ስለምትበር ትይዝልኛለች። መነጽርዎን አድርገው ራስዎ ያንብቡት። ለዚያ ለወሬኛው የወንድምዎ ልጅ አንብብልኝ ብለው እንዳይሰጡት፤ ሰፈር ሳይደርስ ቄራ ይሰማል።

ሄደሽ ልጄን በዓይንሽ እይልኝ ብለውኝ ነበር፤ አይቻታለሁ። ስለ አባቷ ግን ከአፍሽ እንዳይወጣ ብለው አስምለውኝ ነበር፤ አልወጣም። መሐላዬን ጠብቄ ተመልሻለሁ። እንዲህ ያለ የሚያሳፍር መሐላ ጠብቄ አላውቅም።

ባለቤትዎ ጋሼ ከጥምቀት በኋላ ያረፉ ጊዜ እዚህ ኢስትሙር የሚባለው ሰፈር፣ እነ እትዬ ሸዋረጋ ቤት ተሰብስበን አልቅሰናል። የእትዬ ሸዋረጋ ባል ጋሼ አሥራት ልጅቱ ትስማ፣ የአባትን ሞት መደበቅ ነውር ነው ብለው ነበር። እርስዎ ግን በስልክ አለቀሱ። ሰምሀል የጥገኝነት ወረቀቷ ሳይወጣላት ከሰማች ሁሉን ጥላ ትመጣለች፣ ከመጣች ደግሞ መመለሻ የላትም፣ ባሌን በቀበርኩ ማግስት ልጄን በቁሟ አታስቀብሩኝ አሉ። የእናት ልመና ማን ይሽራል? ጋሼ አሥራትም ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

ግሮቭፖርት ካለው ከምሠራበት የዕቃ መጋዘን፣ ከዌርሃውሱ፣ የዓመት እረፍቴን ለምኜ ወጣሁ። እትዬ ሸዋረጋ ሻንጣዬን ራሳቸው ከፍተው ጥቁር ልብስ አለመኖሩን አዩ፤ ቢጫ ሹራብ አስለበሱኝ። ከለንደን ሌላ ባቡር ይዤ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር ብቻ ያለው ጣቢያ ወረድኩ። ሰምሀል ስታየኝ እየሮጠች መጣችና ልትደርስብኝ ስትል ቆመች። ከኋላዬ ተመለከተች። ብቻሽን ነሽ? አለችኝ። አዎ፣ ማን ይከተለኛል ብዬ ሳቅኩ። ሹራቤን ከላይ እስከ ታች አየችውና ነው ያቀፈችኝ። ክብደቷ ቀንሷል እማማ፤ የትከሻዋ አጥንት ወጋኝ።

የምትኖረው ጆይስ የምትባል ባሏ የሞተባት አሮጊት ቤት ነው፤ ስደተኛ ለማስጠጋት ፈቅዳ ፎቁ ላይ አንድ ክፍል የሰጠቻት። ቤቱ የድንጋይ ነው፣ ዙሪያው በግ ብቻ። የእንግሊዝ ገጠር ሲሉት ያምራል፤ ሲኖሩበት ግን እርጥበቱ አጥንት ድረስ ይገባል፣ ጎረቤት የሚሉት ሰው ማዶ ጉብታ ላይ ነው፣ አውቶቡሱም ደስ ሲለው ነው የሚመጣው። የዌርሃውሱ የጭነት መኪና ጩኸት ናፈቀኝ ብልዎት ያምኑኛል? አሮጊቷ ግን ደግ ናት። ሻይዋ ውሃ ውሃ ቢልም ከልቧ ነው የምትቀዳው።

የምትበላውም፣ የምታዋራው ሰውም አላት፣ አይጨነቁ። ያልገባኝ ማለዳዋ ነበር። የምንተኛው አንድ ክፍል ነው። መጀመሪያ ያደርኩ ዕለት ጎህ ሲቀድ ዓይኔን ብገልጥ አልጋዋ ተነጥፏል። ፊቷን ታጥባ፣ ልብሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ወንበሩ የዞረው ወደ መስኮቱ አይደለም፣ ወደ እኔ ነው። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው። ሥራ የላት፣ የምትሄድበት የላት። እንቅልፍ አጥታ ይሆናል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ፀሐይ ወጥታ ወፎቹ ሲንጫጩ ተነሣች፣ ነጠላዋን አጥፋ አስቀመጠችና ሻይ ልታፈላ ወረደች። በማግስቱም እንዲሁ። በሠልስቱም እንዲሁ። እኔም እንደ ተኛሁ ሆኜ በዓይኔ ጥግ አያታለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ወደ ማሳው ወጥተን ስንሄድ፣ ጫማችን ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ድንገት የማይገናኝ ወሬ አመጣች። የእኛ ሰው አንድ ነገር ሲደብቅሽ በምን ታውቂያለሽ? አለችኝ። እኔ እንጃ አልኩ። ዝም ይልሻል አለች። በየሳምንቱ የሚደውል ሁሉ በአንድ ሳምንት ዝም ይላል፣ ድምፁ እንዳያሳብቅበት። ቆይቶ ሲደውል ደግሞ ማር ነው። የሚቆጣሽ ይጠፋል። ለምን ጠፋሽ የሚልሽ፣ ይህን ላኪልኝ የሚልሽ ይጠፋል። ሁሉም በላሽ ወይ ብቻ ነው። በጥምቀት ሰሞን ኮሎምበስም አዲስ አበባም ባንዴ ዝም አላችሁኝ አለች። ይህን ስትል አላለቀሰችም፤ በጎቹን ነበር የምታየው። እኔ ምን አልኩ መሰለዎት? የእነዚህ በጎች ጭራ ለምን አጭር ሆነ ብዬ ጠየቅኋት።

በዚያው ሰሞን እርስዎ ደወሉልኝ። እውነቱን ልንገርዎትና ቅር ብሎኝ ነበር። ልጅዎን ልይ ብዬ ውቅያኖስ ተሻግሬ ሳለ ስለ እሷ አንድ ቃል አልጠየቁኝም። በላሽ ወይ፣ አይዞሽ፣ ጠንካራ ነሽ አሉኝና ዘጉት። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

ልሰናበት ስል ጆይስ ጓሮዋን አሳየችኝ። ከግንቡ ሥር ከእንጨት ጋር የታሰረ የፖም ችግኝ አለ፣ ገና ሦስት ቅጠል ያወጣ። ይህን እሷና እኔ ነን በብርዱ የተከልነው አለችኝ። አፈሩ በውርጭ ደርቆ አልቆፈር ብሎን ነበር፤ በጋ ይምጣ ብላት ዛሬ ነው ብላ በእጇ ጫረችው። እኔም ባሌ የሞተ ጊዜ የተከልኩት ያ ትልቁ ነው አለችና ከጎኑ ያለውን ዛፍ አሳየችኝ። ስለ ችግኙ እኔ የምጨምረው የለም። አንድ የሰው አገር አሮጊት የምታውቀውን እኛ ስንማማልበት ከረምን።

የመጨረሻው ማለዳ ላይ ዓይኔን መጨፈን አልቻልኩም። ተያየን። ወንበሯ ላይ ትንሽ ቀና አለችና፣ እህ? አለችኝ። ይህን ብቻ። አፌን ከፈትኩ። እማማ፣ ጫፉ ላይ ደርሼ ነበር። ባቡሩ በስንት ሰዓት ነው አልኩ። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አጠፈችውና ሻይ ላፍላልሽ ብላ ወረደች። መርዶ ጎህ ሲቀድ እንደሚነገር እኔ ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ ሰፈራችን ውስጥ ስንቱን ቤት በዚያ ሰዓት አንኳኩተዋል። ሳምንቱን ሙሉ ለብሳ የጠበቀችው እኔን ነበር። ከኋላዬም ያየችው መርዶ ነጋሪ ሽማግሌዎቹን ፍለጋ ነበር።

አልወቅስዎትም ብል ውሸት ነው፤ እወቅስዎታለሁ። ራሴንም ጨምሬ። መርዶ ያልተነገረው ሰው ደረቱን አይመታም፣ ጥቁር አይለብስም፣ ሰው አይመጣለትም። በሰምሀል ሐዘን ላይ ቁልፍ ያደረግነው እኛ ነን። አገር ቤት ትመጣለች ብለው ይፈራሉ፤ ብትመጣ ኖሮ በጥምቀት ሰሞን መጥታ ነበር። የተቀመጠችው እርስዎ እንዲተርፉ ብላ ነው። እናቴ ትትረፍልኝ ብላ ማልቀሷን ውጣለች። በሚቀጥለው ስትደውልልዎ፣ አባትሽ ሰላም ይልሻል፣ ጠበል ሄዶ ነው፣ ብርዱ እንዴት ነው ይልሻል አይበሏት። ዝም ይበሉ። ዝምታዎን ትሰማለች። ያን ጊዜ አብራችሁ አልቅሱ፤ ጆይስ ከታች ብትሰማ ምን እንደሆነ ይገባታል።

አሁን ስለ ራሴ ልጻፍና ልጨርስ። ከተመለስኩ ወዲህ እዚህ ሰው ሁሉ ደግ ሆኖብኛል። እትዬ ሸዋረጋን ያውቋቸዋል፤ ሲያዩኝ ቤተ ክርስቲያን ስለቀረሽ፣ ፀጉርሽን ስለቆረጥሽ ብለው ካልተቆጡ አይውሉም። ማክሰኞ ዕለት ምግብ በሳህን ይዘው መጡ፣ ፀጉሬን በእጃቸው ዳበስ አድርገው ሄዱ። ጋሼ አሥራት ትናንት ከሺፍት ስወጣ ግሮቭፖርት ድረስ መጥተው ወሰዱኝ፤ ያን ሁሉ መንገድ። መንገድ ላይ ሬዲዮ አልከፈቱም። ልወርድ ስል ሳተርዴይ ኦፍ ነሽ አይደል? ማለዳ ላይ እኔና ሸዋረጋ ከሌሎች ጋር ሆነን ብቅ እንላለን አሉኝ። ወንድሜ ደግሞ ሁሌ ጫማ ላኪ፣ ስልክ ላኪ የሚለኝ ልጅ፣ ምንም አልጠየቀኝም። እናታችን የታለች ብለው ጠበል ሄዳለች አለኝ።

እማማ፣ እርስዎን አልጠይቅዎትም። አስምለውዎት ይሆናል።

ቢጫውን ሹራብ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ጥቁሩን ቀሚስ አጥቤ ተኩሼዋለሁ፣ ወንበሩ ላይ ነው። ቅዳሜ ሲያንኳኩ ተኝቼ አያገኙኝም። ይህ ደብዳቤ እሑድ እጅዎ ሲገባ ለእኔ ነግቷል፤ ስለ እኔ፣ እንዴት ልንገራት ብለው አይጨነቁ። ልጅዎ ግን ገና ወንበሩ ላይ ናት።

የእናቴ የጓሮ ጎመን እንዳይደርቅ በአጥሩ በኩል ውሃ ያጠጡልኝ። እሷ ውሃ ሳታጠጣ አትውልም ነበር።

ጉልበትዎን ያጽናልዎት። የቀረዎትን በዓይንዎ ለማየት ያብቃዎት። እንባዎን ብቻዎን የሚያፈሱበት ቀን አይምጣ።

የአጥር ማዶዋ ልጅዎ