ከሕፃኑ ፍራሽ ሥር ያገኘሁት ሸሚዝ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ብረትን ከብረት እያጋባ ራሱ ከሚስቱ ርቆ ለሚኖረው ልጄ፣

አንተ በያጁ፣ እንዴት ከርመሃል? ድልድዩስ ዳርና ዳሩን ሊያገናኝ ነው ወይስ ወንዙ እየሳቀባችሁ ነው? እኛ ጋ ሁሉም ጤነኛ ነው፤ ከኔ ፊት በቀር። እሱ ሰሞኑን መስታወት መሸሽ ጀምሯል።

“ይሄ ሽማግሌ ስልክ እያለ ወረቀት ምን ያስጨርሰዋል?” ትል ይሆናል። ስልኩ ያለው ሚስትህ እጅ ነው፤ የምነግርህ ደግሞ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ የሚወራ አይደለም። የምለምንህም ነገር በስልክ አይመጣም። ስለዚህ ለእረፍት መጥቶ ወደናንተ በሚመለሰው ሾፌር ጓደኛህ እጅ ልኬዋለሁ።

ልጅህን “አለቃ” ነው የምለው፤ ሁላችንንም ቁጭ ብድግ ያሰኘናል። ጥርሱ ብቅ ብሏል፣ መንከስም ጀምሯል። በሄድክበት ሰሞን ቆርኪ በሽቦ ሰካክቼ ቅጭልጭል ሠራሁለት። ከቲማቲም ሳጥን ደግሞ አልጋ ሠራሁለት። ሚስትህ አይታ፣ “አባባ፣ ልጄን ገበያ ሊያወጡት ነው እንዴ?” አለችኝ።

“ገና አልበሰለም፤ ትንሽ ይቆይ” አልኳት።

እንዲህ እየተነካካን፣ እየተሳሳቅን ነበር የምንውለው። ነበር።

ባለፈው ሳምንት ዝናቡ አላባራ ብሎ የሽንት ጨርቁ ሁሉ ገመድ ላይ ረጥቦ ሰነበተ። ሚስትህ ከሱቅ የሚጣለውን ዓይነት ልትገዛ አሰበች። ዕድሜ ልኩን በመቀስና በመርፌ የኖረ ሰው ቤት ውስጥ የሽንት ጨርቅ ከሱቅ ሊገዛ! “የኔን ሬሳ ተሻግረሽ ነው” አልኳት። እሷ ልጁን ልታስከትብ ከሁለት ጎረቤቶቻችን ጋር ጤና ጣቢያ ስትሄድ፣ እኔ ቤቱን ለጨርቅ ስፈትሽ ዋልኩ። የኔን ያረጀ ፒጃማ አገኘሁ። አንድ አንሶላ አገኘሁ። ቀጥዬ የአለቃን ፍራሽ አነሳሁ።

ያንተ የሥራ ሸሚዝ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ኮሌታው ጠቁሯል፣ ደረቱን የብየዳ ፍንጣሪ በስቶ በስቶ ወንፊት አድርጎታል። እኔ ምን አየሁ? ልብስ ሰፊ ነኝና ቀዳዳ አየሁ። እድፍ አየሁ። “አይ ምራቴ! እጥበት ሲሰለቻት እዚህ ትደብቃለች ለካ” ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። በፈላ ውሃ፣ በሳሙናና በበረኪና ዘፈዘፍኩት፤ አሸሁት፤ በካውያ አደረቅኩት። ከዚያ መቀሴን አነሳሁ። ከጀርባው የሽንት ጨርቅ ወጣ፣ ከእጅጌዎቹ ደግሞ ጆሮው የተንጠለጠለ ጥንቸል ሰፋሁ። እንዴት እንደኮራሁ ብታየኝ!

ከጎረቤቶቹ ጋር ስትገባ ጨርቆቹን እንደ ባንዲራ ከፍ አድርጌ፣ “እመቤት! ጉድሽን አወጣሁት! ያላጠብሽውን ልብስ ልጁ ፍራሽ ሥር ነው የምትደብቂው?” አልኳት።

ሴቶቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። አንዱን ጨርቅ ከእጄ ወስዳ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ ቆየች። እኔ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝና ጨመርኩበት፤

“አትስጊ፣ አይሸትም።”

“አዎ አባባ፣ አይሸትም” ብላ ልጇን አቅፋ ገባች።

የቀን እንቅልፉ ሰዓት ደርሶ አለቃ እምቢ አለ። ጡት ሰጠችው፣ አዘለችው። ጥንቸሉን ባቀብለው ወረወረብኝ፤ ፈረደብኝ። በመጨረሻ፣ “ምን ሆኖ ነው?” ብዬ ጠየቅኳት።

“አባቱን አሽትቶ ነበር የሚተኛው፣ አባባ። ከሄደ ጀምሮ ያላጠብኩት ለዚህ ነው። ሲመጣ እንግዳ ሆኖበት እንዳያለቅስበት ብዬ።”

አልተቆጣችም። ብትቆጣ እኔም ሽማግሌነቴን ተገን አድርጌ እቆጣ ነበር፣ ይቀለኝ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

እሑድ ስትደውል ምን አለችህ? “ሁሉም ሰላም ነው፤ አባባም እየቀለዱ ነው።” ከበሩ ኋላ ቆሜ ሰማኋት። ሸፈነችልኝ፣ ልጄ። ጎረቤት ፊት ያዋረድኳት ልጅ ሸፈነችልኝ። በማግስቱ ጎረቤቶቹ ቤት እየዞርኩ፣ “ምራቴን በከንቱ ነው የወነጀልኳት፤ ጥፋቱ የኔ ነው” አልኩ። አንዷ፣ “እርስዎም ያፍራሉ እንዴ?” ብላ ሳቀችብኝ። ይገባኛል። ሚስትህን ግን ፊት ለፊት ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት የሚወጣው ወይ ሳል ነው ወይ ቀልድ። አለቃም አሁን የሚያንቀላፋው ለቅሶ ሲያደክመው ብቻ ነው።

ስለዚህ ሾፌሩ ደግሞ ወደዚህ ሲመጣ ሸሚዝ ስጠው። አዲስ ገዝተህ ብትልክ አባትህ አይደለሁም! ለብሰኸው ሥራ፣ ላብ ጠጥቶ፣ ጭሱን ጠግቦ ይምጣ። ኮሌታው ካልጠቆረ አልቀበልም። ከዚያ በፌስታል ጠቅልለህ አጥብቀህ ቋጥረው። ዕድሜዬን ሙሉ ንጹሕ ልብስ ሳስረክብ ኖሬ በስተርጅና እድፍ ለማኝ ሆንኩ፤ ሳቅብኝ። ብቻ ላክልኝ። እጇ ላይ ሳስቀምጠው ምናልባት አፌም ይፈታ ይሆናል።

ከእሳቱም ከከፍታውም ፈጣሪ ይሰውርህ። በሠራኸው ድልድይ በገዛ እግርህ ተሻግረህ ለመምጣት ያብቃህ፤ ልጅህም አይቶህ አይሽሽህ።

መቀሱን ሳጥን ውስጥ የቆለፈበት
አባትህ

ካልከበደህ ሁለት አድርገው። አንዱ ለአለቃ ነው። የሁለተኛውን ነገር አትጠይቀኝ፤ ሽማግሌንም እንቅልፍ እምቢ ይለዋል።