የእማዬ ክፍል ቀለም

የካቲት 3
ግድግዳው ላይ የቀለም ናሙና ስለጥፍ ዋልኩ። ሊቁ ወንድሜ መጣ፤ ኮቱን ሳያወልቅ ሁሉንም ነቃቀለው። የምንሠራው ፊልም ስለ እማዬ የመጨረሻ ወራት ነው። ጸሐፊውም ዳይሬክተሩም እሱ፣ ካሜራው የእኔ። ክፍሏ ብርቱካናማ ይሁን አለ። ማስረጃው ቢሮው መስኮት ላይ የከረመ ፎቶ! ፀሐይ መጥጦት እኮ ነው የቀላው... አረንጓዴ ነበር። ስትታመም ቀይሪልኝ ብላኝ በገዛ እጄ የቀባሁት። ስነግረው ሳቀብኝ።

የካቲት 5
አስጠልቶኛል። ሳሉ እንኳ ያስጠላኛል።

የካቲት 8
ትዕይንቶቹን በእርሳስ ስንነድፍ ተጣላን። በስክሪፕቱ ልጅየው አልጋዋ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እጇን ይዞ ይውላል። ስምንት ትዕይንት ሙሉ! በሰባት ወር ስንቴ መጣ? ሁለቴ። ሁለቴም በሩ ላይ ቆሞ፣ መኪና ቆሞብኛል ብሎ። ያጠብኳት፣ ያገላበጥኳት እኔ። ስክሪፕቱ ውስጥ ግን የለሁም። ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ "ፊልም ነው፤ ምን ያንጨረጭርሻል?" አለኝ። ደሜ ፈላ። እርሳሱን ወርውሬ ወጣሁ። ለምን እዚያው አልነገርኩትም?

የካቲት 11
የምንቀርጸው በድሮው ቤታችን ነው። ተከራዮች ክፍሏን ነጭ ቀብተውታል። ዛሬ ቀለም ቀቢው ብርቱካናማውን በጥብጦ፣ ተከራዮቹ ሳያነሱት ዙሪያውን የቀቡትን የእማዬን ከባድ ቁምሳጥን ከግድግዳው ሲያላቅቀው... ከጀርባው አረንጓዴ። የእኔ ብሩሽ፣ የእኔ የተንጠባጠበ ቀለም። ቀቢው ማነው እንዲህ ያጨማለቀው ብሎ ሳቀ። ወንድሜን አስጠራሁት።

ዳሰሰው።

"እንዴት ሳላየው ቀረሁ?"

"ፊቷንስ መቼ አየህ?" አልኩት።

እጁን ከግድግዳው አንስቶ ወጣ። አላዘንኩለትም። ትንሽ ደስ ብሎኛል፤ ምን ልዋሽ?

የካቲት 12
ወንድሜ ስልክ አላነሳልኝም። የራሱ ጉዳይ።

የካቲት 14
ቀቢው ወንድሜ ያዘዘውን አረንጓዴ ጨረሰ። ወንድሜ ያልተላጨ ፊቱን ይዞ መጣና አዲስ ንድፍ ጠረጴዛው ላይ ጣለልኝ። ስምንቱንም ትዕይንት እንደገና ስሏቸዋል። እጁ እንደሆነ ሥዕል አያውቅም፤ ግን ይገባል። ወንበሩ ላይ ልጅየው የለም። ጀርባዋን የሰጠችን ሴት ተቀምጣለች። ሻሿ የእኔ ነው።

"ካሜራውን በሩ ላይ አቁሚው" አለ። "እኔ የነበርኩት እዚያ ነው።"

ይቅርታ አላለኝም። እኔም ይቅር አላልኩትም። ሌንስ ለመምረጥ ሜትሬን አወጣሁ፤ አንዱን ጫፍ እሱ ያዘልኝ። ከበሩ እስከ ወንበሩ ለካን... አራት ሜትር እንኳ አይሞላም።