ቅቤ የሌለበት ቅባት

ጥቅምት 3፣ ጠዋት 1፡30
ዛሬም ሄደች። ስድስተኛ ቀኗ። እያነከሰች፣ ግን ፊቷ ፈክቶ።
የዘሃራ የቅልጥም ቁስል ከሐምሌ ጀምሮ አልዘጋ ብሏል። የአጥራችን ሽቦ ነው የቧጨራት። ጤና ጣቢያ ነርሷ እያጠበች ታሽግላታለች፤ ስኳር የለብሽም፣ ጊዜ ይፈልጋል ብላታለች። እኔም የብሳና ልጣጭ ቀቅዬ፣ በወረቀት አጥልዬ፣ በየቀኑ አጠብኳት። ሁለት ወር። ምንም።
አሁን ሚስቴ ሸህ እንድሪስ ጋ ትመላለሳለች። እንድሪስ! ስምንተኛ ክፍል አጠገቤ ተቀምጦ ሒሳብ ከእኔ ይገለብጥ የነበረው። ትምህርቱን ትቶ ቁርአን ቤት ገባ፣ መድኃኒቱን ከአባቱ ወረሰ። እኔ በኬሚስትሪ ተመረቅኩ። 28 ዓመት አስተማርኩ። ይኸው።

ጥቅምት 5፣ ከቀኑ 9፡00
ተከተልኳት። አዎ፣ ተከተልኳት። ከእንድሪስ አጥር ውጭ ቆምኩ። ስትስቅ ሰማኋት። እቤት ከሳቀች ስንት ጊዜዋ?
ከሳቁ ይልቅ ያንገበገበኝ ጥያቄዋ ነው። ልጣጩ ለምን ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ቅቤው ለምን ለጋ ይሆናል እያለች ትጠይቀዋለች። እሱም ቀስ ብሎ ያስረዳታል። 26 ዓመት አብረን ስንኖር እኔን አንድ ቀን ለምን ብላኝ አታውቅም።
እንድሪስ በአጥሩ ቀዳዳ አየኝ።
“መምህር፣ ግባ እንጂ። ልታርመኝ ነው የመጣኸው?”
ገበያ እየሄድኩ ነው አልኩ። ገበያው ዛሬ እንዳልሆነ ሦስታችንም እናውቃለን።

ጥቅምት 8
ቁስሉ እየጠበበ ነው። በማስመሪያ ለካሁት። ከ4 ሳ.ሜ. ወደ 2.5። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ይኸን ለአንተ ካልጻፍኩ፣ ደብተሬ፣ ለማን እናገራለሁ?
የእሱም ዛፍ ብሳና ነው፤ ያው የእኔው፣ እሱ ግን በቅቤ ለውሶ ነው የሚቀባት። ስለ ቤቱሊን ያነበብኩት ደግሞ እኔ ነኝ። በርች የሚባል የብርድ አገር ዛፍ አለ፤ ልጣጩን ያነጣው ይህ ቤቱሊን ነው። ቁስል ቶሎ እንዲዘጋ ያግዛል ተብሎ ውጭ አገር ከልጣጩ ቅባት ይሠራል። ከብሳናም ልጣጭ ወጥቷል የሚል ጽሑፍ ኮፒ አድርጌ አስቀምጫለሁ። እንድሪስ ስሙን እንኳ አያውቅም። ምስጋናው ግን የእሱ።

ጥቅምት 9፣ ጠዋት 4፡00
አደረግኩት።
ዘሃራ ለቅሶ ቤት ናት። እንድሪስ ከእንግዲህ እቤትሽ ተቀቢ ብሎ የሰጣትን የቅባት ብልቃጥ ገለበጥኩ፣ አጠብኩ። የራሴን የብሳና ውሃ በቫዝሊን ለውሼ ሞላሁበት። ቀለሙ ይመሳሰላል። ከዳነች በእኔ ትድናለች። ማንም ባያውቅ እኔ አውቀዋለሁ። ይበቃኛል።

ጥቅምት 13
ጠርዙ ቀላ። 3 ሳ.ሜ.። ዘሃራ ግን ጠዋትና ማታ ትቀባለች።
ዛሬ 11ኛ ክፍል ስለ መሟሟት ሳስተምር ነበር። ቅባትነት ያለው ነገር ውሃ ውስጥ አይሟሟም ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። እጄ እዚያው ቀረ። ተማሪዎቹ አዩኝ።
ቤቱሊን ውሃ ውስጥ አይሟሟም። አውቅ ነበር። ኮፒው ላይ በቀይ አስምሬበታለሁ። ሁለት ወር የቀቀልኩት ቀለም ያለው ውሃ ነው። የሚፈለገው ነገር ማጥለያው ላይ ቀርቶ፣ ከዝቃጩ ጋር ስደፋው ከረምኩ። የእንድሪስ ቅቤ ግን፣ እኔ ቆሻሻ ብዬ የናቅኩት ቅቤ፣ ቢያንስ ጥቂቱን ያወጣዋል። ተማሪ እንዲህ ቢሠራ ዜሮ ነው የምሰጠው።

ጥቅምት 14፣ ጠዋት 12፡30
ነገርኳት። እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች፣ ብልቃጡ ጭኗ ላይ። እኔ ቆሜ። ብልቃጡን፣ ቫዝሊኑን፣ ውሃውን፣ ሁሉንም።
“አውቄአለሁ” አለች። “ቅቤ ቅቤ አይልም።”
ታዲያ ለምን ተቀባሽው? አልኳት።
“አንተ ከሠራኸው ያድነኛል ብዬ ነዋ።”
አምስት ቀን። አምናኝ እግሯን ለእኔ ሰጥታ አምስት ቀን። እኔ የሰው አጥር ስር ቆሜ ሳቋን ስቆጥር።

ያው ቀን፣ 1፡15
መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ነርሷ ትየው። ምን እንደተቀባ እኔው እነግራታለሁ። ከዚያ እንድሪስ ጋ። ባዶውን ብልቃጥ የምይዘው እኔ ነኝ። ሳያርመኝ በፊት ስህተቴን ራሴ እናገራለሁ፤ ቅቤውን እንዴት እንደሚያደርገውም እጠይቀዋለሁ። አሁንም ያስቀናኛል። አልዋሽህም።
ዘሃራ ሻርፗን አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች። አሁን ምን ብትል ጥሩ ነው? ውሃው መድኃኒቱን ለምን አያወጣውም፣ አለችኝ። ለምን።
መንገድ ላይ እነግራታለሁ። ሳልቆጣ። ቀስ ብዬ፣ እንድሪስ እንደሚያደርገው።