«ነገር ግን» ላይ ስለተቋረጠው ትምህርታችሁ

ይድረስ ለተከበሩ የቁምስናችን የጋብቻ ዝግጅትና የቤተሰብ ሰላም ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ለቀድሞው የሒሳብ መምህርና የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ዛሬም ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰፈር ሙሉ ሰው ዝም ለሚልላቸው፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ዓይንዎ ደህና እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። ዓይንዎን ለይቼ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እየቆየ ይገባዎታል። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በሳቅ ምክንያት ከመዘምራን ሁለት ጊዜ የተባረርኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ያባረሩኝ እርስዎ ስለሆኑ ራሴን በሰፊው ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ከጠፋው ጃንጥላ ማስታወቂያ ጎን የለጠፍኩት፣ በግል የሚጻፍልዎ ነገር ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ታርሞ ለባለቤቱ እንደሚመለስ ስለማውቅ ነው። የሰሌዳው መስታወት ቁልፍ ያለው እናቴ ዘንድ ነው፤ እናቴ የቁምስናው ቤተ ክርስቲያን ቢሮ ጸሐፊ ናት። ቁልፉን ስወስድ አይታኛለች፤ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

እንግዲህ ወደ አቤቱታዬ ልግባ፤ እርስዎ እንደሚወዱት በተራ ቁጥር።

አንደኛ። ባለፈው ሰኞ ለታላቅ እህቴ ስለላኩላት ጥሪ ከልብ አመሰግናለሁ። ለማያውቋት አንባቢዎች፣ እህቴ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፤ ካገባች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ከባሏ ቤት ወጥታ እኛ ዘንድ ከመጣች ደግሞ ስምንት ሳምንት። ጥሪው «ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኮሚቴው ፊት ቀርበሽ፣ የነፈግሽውን የትዳር ግዴታ ለመፈጸም ቃል ገብተሽ፣ ከባለቤትሽ ጋር ወደ ቤትሽ እንድትመለሺ» ይላል። እንዴት ያለ አሳራፊ አጻጻፍ ነው! ምን ሆነሽ ወጣሽ የሚል ጥያቄ የለበትም፤ መልሱ ተዘጋጅቶ መጥቷል፤ ከእሷ የሚጠበቀው መጥቶ መቆም ብቻ ነው። ደብዳቤውን በኮምፒውተር የጻፈችው ደግሞ እናታችን ናት፤ አጠገቧ ቆመው ቃል በቃል አጻፏት። ማኅተሙን መታች፤ ፖስታው ላይ የራሷን ቤት አድራሻ ጻፈች፤ ከዚያም ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ በእግሯ ይዛልን መጣች። ለፖስታ ቤት ሠራተኞች ድካም ማሰብዎ ያስመሰግንዎታል።

እህቴ አነበበችው። «እሺ» አለች። ሻንጣዋን አዘጋጅታ በሩ አጠገብ አቆመችው። እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ በሻንጣው ዙሪያ ዞረን እናልፋለን፤ ሲያዩን በረኛ የቀጠርን እንመስላለን።

ሁለተኛ። ስለ ትምህርትዎ። እጮኛሞች ከሠርጋቸው በፊት ስድስት እሑድ በእርስዎ ፊት ተቀምጠው እንደሚማሩ፣ በስቴፕለር የተያያዘ የፎቶኮፒ ጽሑፍም እንደሚታደላቸው ይታወቃል። እህቴ የዚያ ዓመት አንደኛ ነበረች። ጽሑፉን በቃሏ ይዛዋለች፤ ሰሃን እያጠብን እኔ እጠይቃታለሁ፣ እሷ አረፋ በአረፋ ሆና ትመልስልኛለች። የሰባተኛው ገጽ የመጨረሻ መስመር ይህ ነው፦ «ባልና ሚስት አንዱ ለሌላው ራሱን ሊነፍግ አይገባም፤ የአንዱ ሰውነት የሌላውም ነውና። ነገር ግን»። አለቀ። ገልበጥ አድርገው ወደ ቀጣዩ ወረቀት ሲያልፉ ስለ ልጆች ጥምቀት ይጀምራል።

እህቴ ያልገባትን ነገር የምታልፍ ሰው አልነበረችም። እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ ነገር ግን ምን?» አለች። እርስዎም ጉሮሮዎን ጠረጉ፤ ቀበቶዎን ከፍ አደረጉ፤ «ልጄ፣ በትዳር ውስጥ ነገር ግን የለም!» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ባሏ፣ ያን ጊዜ እጮኛዋ፣ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔም በር ላይ ቆሜ ስጠብቃት ስለነበር ሰማሁ፤ ሳቅሁም። በሳቄ የማፍረው በዚያ አንድ ቀን ብቻ ነው። እህቴም ሳቀች፤ ከዚያ አንገቷን ደፍታ ከ«ነገር ግን» ጎን በእርሳስ «የለም» ብላ ጻፈች። እሷ የመምህር ቃል የምታከብር ተማሪ ናት።

የሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ አንድ ፊደል ብትዛነፍ ካርዱ ሁሉ እንደገና እንዲታተም የሚያዝዙ እርስዎ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ነገር ግን» ላይ የተንጠለጠለ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለው ሲያነቡ አለመታከትዎ ትዕግሥትዎን ያሳያል። እግረ መንገዴን ደግሞ፣ የሐዋርያው ቃል ለባልም ለሚስትም የተጻፈ እንደሆነ እያወቁ ሲያነቡት ሁልጊዜ ወደ ሴቶቹ ረድፍ ስለሚያዩ፣ አንገትዎን አሞዎት እንዳይሆን ሠግቻለሁ።

ሦስተኛ። ስለ ቁም ሣጥኑ። እዚህ ላይ ቀልድ ቢያንሰኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የእህቴ ባል መነጽር ቤት ይሠራል። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ እጁንም አንሥቶባት አያውቅም፤ ይህን ለኮሚቴው እንደነገራችሁና ደስ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። በሁለተኛው ዓመት እህቴ አረገዘች፤ በአራተኛ ወሯ አስወረዳት። ሐኪሙ እረፊ አላት። እሷም ባሏን «አሁን አይሆንም፤ ሰውነቴም ልቤም እምቢ ብሎኛል» አለችው። እሱ አልተቆጣም። ሰባተኛውን ገጽ ከጽሑፉ ላይ ገንጥሎ፣ በቁም ሣጥኑ በር የውስጥ ገጽ ላይ በፕላስተር ለጠፈው፤ የእሷ «የለም» ከነእርሳሱ እዚያው አለ። ከዚያ በኋላ እምቢ ባለች ቁጥር ምንም አይናገርም፤ ይነሣና የቁም ሣጥኑን በር ይከፍተዋል። በሩ ሲጢጥ ይላል። ከዚያ ተመልሶ ተቀምጦ ይጠብቃል።

እህቴ የነገረችኝ እስከዚህ ድረስ ነው። ቀጥሎ ያለውን አልጠየቅኋትም።

አሁን እኛ ቤት ናት፤ ማለቴ አካሏ እኛ ቤት ነው። ባደገችበት ቤት «ውሃ ልጠጣ?» ትላለች። «መስኮቱን ልዝጋው?» ትላለች። እማዬ መጀመሪያ ትስቅባት ነበር፤ አሁን አትስቅም። የየትኛውም ሣጥን በር ሲጢጥ ካለ እህቴ ወሬዋን መሃል ላይ ትተዋለች፤ ልክ እንደ ሰባተኛው ገጽ። ስለዚህ የቤታችንን ማጠፊያ ሁሉ በምግብ ዘይት ቀባሁት፤ ልብሳችን ሁሉ ጥብስ ጥብስ ይሸታል፤ የክፍል ጓደኞቼ ምሳ ቤት ከፈታችሁ ወይ ይሉኛል። በሮቹ ዝም ብለዋል። እሷ ግን ዝም ካለው በር ፊትም ትቆማለች። አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ከቀትር በኋላ ባለው ብርሃን፣ በተዘጋ ቁም ሣጥን ፊት እጆቿን ጎንና ጎን አድርጋ ቆማ አገኛታለሁ። «እትዬ» ስላት ዞር ብላ ፈገግ ትላለች፤ ፈገግታው የሚመጣው ግን ከብዙ ሩቅ ነው።

እሑድ ሰው ሁሉ ለመቁረብ ሲነሣ እሷ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ትቀራለች። ከኋላ በሹክሹክታ የሚጠየቁትን ጥያቄዎች ለማሳረፍ ምክንያቱን እነግርዎታለሁ። ባሏን ስንት ጊዜ እምቢ እንዳለች ለንስሐ በቃሏ ይዛዋለች፤ ኃጢአተኛ ነኝ ብላ ታምናለች። እሱ በየሳምንቱ ይቆርባል። የእሱን የቆጠረ የለም።

አራተኛውን እዘለዋለሁ። ገጽ መዝለል በኮሚቴዎ ዘንድ ነውር ስላልሆነ ቅር አይልዎትም ብዬ ነው።

አምስተኛ። ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ እናቴ ቢሮ ሄድኩ። ሻንጣው በር ላይ ቆሞ እያየሁ አንድ ጥያቄ አልለቅ ብሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ምን? ሰው «ነገር ግን» ብሎ ጽፎ ለሻይ አይወጣም። ቀጥሎ አንድ ነገር መኖር አለበት። ስለዚህ የፋይል ሣጥኑን ሁለተኛ መሳቢያ፣ ከተሰበረው ማራገቢያና ከአሮጌ የመዝሙር ልምምድ መርሐ ግብር በታች ድረስ በረበርኩት። ዋናውን ጽሑፍ አገኘሁት። ሰማያዊ ሽፋን አለው፤ በማተሚያ ቤት የታተመ ነው፤ በሁለቱም በኩል።

የእያንዳንዱ ወረቀት ጀርባ «ማስታወሻ» የሚል ርዕስና ባዶ መስመሮች ብቻ አሉት። ሁለተኛው ባዶ፤ አራተኛው ባዶ፤ ስድስተኛው ባዶ። ስለዚህ ፎቶኮፒ የሚያደርግ ሰው ፊት ለፊቱን ብቻ ያባዛል፤ ባዶ መስመር ምን ይባዛል? የሰባተኛው ጀርባ ግን ባዶ አይደለም። ለእጮኛሞች ይታደል የነበረው ጽሑፍ ገጾቹ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ እያሉ ነበር የሚሄዱት፤ ይህንንም በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው፣ የሒሳብ መምህሩ እንኳ፣ ልብ አላለም።

ስምንተኛው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ይህ የሚሰጥ እንጂ የሚወሰድ አይደለም። የታመመ፣ የደከመ፣ ያዘነ ወይም የፈራ የትዳር ጓደኛ አይሆንም ቢል ኃጢአት አይሆንበትም። የሌላውን ሁኔታና ፈቃድ ሳይመለከቱ በግድ የሚፈጸም ነገር በጋብቻ ውስጥም ቢሆን የፍቅር ሥራ አይደለም፤ የሚናዘዘውም የከለከለው ሳይሆን ያስገደደው ነው።»

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን አሳትማ፣ ከፋፍላችሁ አስተምሩ ብላ ሳይሆን ሙሉውን አስተምሩ ብላ ልካላችሁ ነበር። እኔ በሃይማኖት ትምህርት ከሃምሳ በላይ አግኝቼ ባላውቅም ይህን ለመረዳት አልከበደኝም።

አሁን ወደ ዘለልኩት ልመለስ። አራተኛ። አባዧ እናቴ ናት።

ገጹን ሳሳያት መነጽሯን አደረገች። ወረቀቱን ገለበጠችው፤ መለሰችው፤ እንደገና ገለበጠችው። «ጀርባው ባዶ መስሎኝ» አለች፤ ከዚያ ማሽኑ አጠገብ ባለው የወረቀት ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። ቆይታ የጋብቻ መዝገቡን አወረደችና ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ የተጋቡትን በጣቷ እየነካች ማንበብ ጀመረች። ሁለት መቶ አሥራ አራት ጥንድ። የልጇ ስም ላይ ስትደርስ ጣቷ አልፎ መሄድ አቃተው። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ በማለዳው ቅዳሴ ላይ መጽሐፌን ማንበብ ትቼ ሚስቶችን አያለሁ። በየቤታቸው ምን ዓይነት በር እንዳለ አስባለሁ።

እናቴን በኮሚቴ ለመጥራት አስበው ከሆነ ጥሪውን ራሷ ትጽፍልዎታለች፤ ልምዱ አላት። የሁለታችሁን ጥፋት ግን እንዳያምታቱት በትሕትና አሳስባለሁ። እሷ ጀርባውን አላየችም። እርስዎን ግን ሰው እጁን አውጥቶ ጠይቆዎት ነበር።

ገጹን ለእህቴ ወስጄ ሰጠኋት። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። አንብባ ስትጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረች። «ይኼ ያኔም ነበረ?» አለችኝ። «ነበረ» አልኳት፤ «ጀርባው ላይ።» ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ አላለቀሰችም፤ ስትጠብቀው የኖረችው ሰው ዘግይቶ እንደመጣላት ሁሉ ወረቀቱን ታየዋለች። ከዚያ ተነሥታ መስኮቱን ዘጋችው። ማንንም አልጠየቀችም።

ሻንጣው ግን ዛሬም በሩ አጠገብ ነው፤ አልዋሽዎትም። አንድ ገጽ ሁለት ዓመት አይመልስም። ለመመለስ ቆርጣ ይሁን ለመቅረት እሷም ገና አታውቅም። የምታውቀው አንድ ነገር ነው፦ ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ትመጣለች። እማዬም እኔም አብረናት እንመጣለን። ከፊተኛው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ቃል ግቢ ስትሏት እጇን ታወጣለች፤ ከሁለት ዓመት በፊት የጠየቀችዎትን ያንኑ ጥያቄ ትጠይቅዎታለች። ለመዘጋጀት እንዲመችዎ አስቀድሜ ማሳወቄን እንደ ውለታ ይቁጠሩልኝ። የባሏን መልስ ሳይሆን የእርስዎን ነው የምትፈልገው፤ ምክንያቱም ያን ቀን ያመነችው እርስዎን ነው።

ዕድሜና ጤና፣ የሚሰማ ጆሮና የሚገለብጥ ጣት አብዝቶ ይስጥዎ እያልኩ፣ ጊዜዎን ስለተሻማሁ፣ እርማትዎንም በመስታወት ስለከለከልኩ በታላቅ አክብሮት ይቅርታ እየጠየቅሁ፣

የዚያች እጇን ያወጣች ተማሪ ታናሽ እህት፣
ከመዘምራን ሁለት ጊዜ፣ ከዛሬ በኋላ ምናልባት ሦስት ጊዜ የተባረርኩ

ሳልረሳው፦ ስምንተኛውን ገጽ እናቴ በገዛ እጇ ሦስት መቶ ቅጂ አባዝታዋለች፤ በየአግዳሚው ላይ ባሉት የመዝሙር መጻሕፍት ውስጥ ያገኙታል። የመጀመሪያውን የወሰዱት ትናንት ከቀትር በኋላ የመጡ አንዲት እናት ናቸው። አርባ ዓመት በትዳር ኖረዋል፤ በየዓመቱ በትምህርትዎ ክፍል ጥግ ላይ ተቀምጠው ጽሑፉን የሚያድሉት እሳቸው ናቸው፤ ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቆመው አነበቡት፤ ጀርባውን ገልብጠው አዩ፤ አራት አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱትና «ለማን እንደሰጠሽ አትናገሪ፣ ልጄ» አሉኝ። ቃል ገብቻለሁና አልናገርም። ብቻ ዛሬ ቤትዎ ሲገቡ የቁም ሣጥንዎን በር ተከፍቶ ካገኙት፣ እባክዎ ከመዝጋትዎ በፊት መነጽርዎን ያድርጉ።