ስለ አሮጌው አዲስ አምፕሊፋየራችን

ኪዳኔ፣ የኔ ጌታ፣

አንተን ከሸኘን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነን። እንደምን አለህ ብዬ መጀመር ከበደኝ። ዛሬ ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ተኝታለች፣ ልጃችን ሕይወት ሥራ ላይ ናት፣ እኔም የምነግርህ ስላለኝ ተቀመጥኩ ብልህ ይበቃል።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። የግቢውን በር አረንጓዴ ቀባነው፤ አንተ ብትኖር ትነጫነጭ ነበር። የበረንዳዋ ወይን ጣሪያው ላይ ወጥታለች። ሳሎን ውስጥ ግን ሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮችህ አንተ እንዳለበስካቸው በነጭ አንሶላ ተሸፍነው ቆመው ነበር። በጦርነቱ የጠፋው መብራት ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ በተመለሰ ቀን አምፕሊፋየሩ ጭሱን ለቆ ሲቃጠል አንተም አልጋ ላይ ነበርክ። ሲሻለኝ ሌላ እፈልግላቸዋለሁ ብለህ ነው ያስሸፈንካቸው። አልተሻለህም።

ሮማናት አደባባይ አካባቢ ቡና ቤት ያለው ሰውዬ ለቤቱ ፈልጓቸው ሁለቴ መጥቶ ጠየቀኝ። ሕይወትም ቦታ ከመያዝ ሌላ ምን ይሠራሉ፣ ስጪው አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ግን ለራሴ ቀጠሮ ያዝኩ፤ እስከ ፋሲካ እንደ ድሮው ካልዘፈኑልኝ ይውሰዳቸው አልኩ። ሙዚቃው አልነበረም የናፈቀኝ፣ ታውቃለህ። አንተ ዓይንህን ጨፍነህ የምትቀመጥበትን ቅዳሜ ነው የናፈቅኩት፤ ወደዚያ የምመለስበት ሌላ መንገድ አልታየኝም።

መጀመሪያ ላይ ጉድ ሠራሁ። አንተ እነዚህ ስፒከሮች ሆዳም ናቸው ስትል እየሰማሁ ስንት ዓመት ኖሬ፣ ሄጄ ዓይኔን የጣልኩት ሰማያዊ መብራት የሚንቦገቦግበትና አንድ ሺህ ዋት ተብሎ የተጻፈበት አምፕሊፋየር ላይ ነው። ሞክሪው፣ ካልሆነሽ ትመልሺዋለሽ ተብዬ አመጣሁት። በአንድ እጄ ነው የተሸከምኩት፤ ቅልሉ ራሱ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ድምፁን ከፍ ሳደርገው ቀጭ ብሎ ጠፋ። ሲበርድለት ተነሣ፣ ትንሽ አንጎራጎረ፣ ደግሞ ጠፋ። ጓል ወሎ፣ የወሎ ልጅ፣ እያልክ ስትስቅብኝ የሰማሁህ መሰለኝ፤ እኔም ብቻዬን ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

አንተ ያገለገለ ዕቃ ስትገዛ ከመስማትህ በፊት እንደምታነሣው ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። የበዓል በግ እንደሚመርጥ ሰው እጅህን ጀርባው ላይ አሳርፈህ፣ ብድግ አድርገህ፣ ራስህን ነቅንቀህ ትመልሰው ነበር። ደግሞም ሻጩ ቤት በትንሽ ስፒከር ያማረ ሁሉ እኛ ቤት ሲመጣ ያፍራል ትል ነበር። ስለዚህ አንዱን ስፒከር ከነአንሶላው በባጃጅ ጭኜ ወደ ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ወደ ሬዲዮ ጠጋኙ ወዳጅህ ወደ አያ ተስፋይ ሄድኩ። ከኋላ ተቀምጬ እንደ ሰው አቅፌዋለሁ። ሮማናት ላይ ትራፊክ ሲያቆመን አንዲት እናት ነጩን ነገር አይተው አማተቡ። ምን ልበላቸው? አንገቴን ደፋሁላቸው፣ ባጃጁም ቀስ ብሎ ሄደ።

አያ ተስፋይ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ቁጥሩን ተይው አለኝ። የእነዚህ ኦማቸው፣ ኤሌክትሪኩን የሚገቱበት ልክ፣ ዝቅ ስለሚል ኃይል ይስባሉ፣ ዋናው ሲስቡት የማይደክም ማግኘት ነው አለ። አራት ያገለገሉ አምፕሊፋየሮች አስነሣኝ። ሁለቱ ቀለውኝ ተውኳቸው፤ አንዱ ከብዶ ነበር፣ ግን ወፍራሙ ድምፅ ሲመጣ ተንተባተበ። አራተኛው ፊቱ የተጫጫረ፣ መብራት የሌለው፣ ወገብ የሚሰብር ነበር። ስንከፍተው አልጮኸም፤ የሱቁ ጠረጴዛ ብቻ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ይኸው ነው አልኩ፣ ማንንም ሳልጠይቅ።

ፕሪአምፕህን፣ ያችን ድምፁን ተቀብላ ለአምፕሊፋየሩ የምታቀብለውን ትንሽ ሣጥን፣ ይዤለት ነበርና ያገለገለች ሌላ እንዲመርጥልኝ ለመንኩት። ካንቺዋ የምትሻል የለችኝም አለ። የሚንኮሻኮሹትን ማዞሪያዎቿን አጸዳልኝ። ድምፁን ለግራና ለቀኝ የምታካፍለዋ ማዞሪያ ወደ ቀኝ ተጎትታ ቢያገኛት፣ ተበላሽታ መስሎት መሐል ላይ አስተካክሎ መለሰልኝ። ውለታ መዋሉ ነው።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ገጣጠምኩ። የክራር ካሴታችንን ከትቼ በመስኮቱ በኩል ያለችው የኔ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ድምፁ ትልቅ ነው፣ ሞቅ ያለ ነው፣ ክፍሉን ሞላው። ግን የድሮው አይደለም። ዘፋኙ ከፊቴ መቆሙን ትቶ አጠገቤ ያለው የግራ ስፒከር ውስጥ ተሸጉጧል። የመረጥኩት ከንቱ ሆነ ብዬ ልቤ ወረደ፤ የቡና ቤቱ ሰውዬ መጥቶ ይውሰዳቸው ብዬም ወሰንኩ።

ከዚያ ያቺን ማዞሪያ አስታወስኩ። ተነሥቼ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ቀኝ መለስኳት፣ እየተመላለስኩ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ዘፋኙ ከግራው ጥግ ወጣ፣ ወለሉን ተሻገረ፣ መጥቶ ከፊቴ ቆመ። መጋረጃው ይወዛወዛል፣ ክራሩ ከጉልበቱ ላይ ነው፣ ትንፋሹን ሲስብ እሰማለሁ። ያው የኛ ቅዳሜ ነበር። አንተ ብቻ ጎደልክ።

አንተ ትሰማው የነበረውን ልስማልህ ብዬ ወንበር ቀየርኩ፣ ከበሩ በኩል ያንተ ላይ ተቀመጥኩ። ኪዳኔ፣ እዚያ ምንም የለም። የቀኙ ስፒከር ጆሮ ላይ ይጮኻል፣ ግራው የለም ማለት ይቻላል፣ ዘፋኙም ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ነው። ሦስቴ እየተነሣሁ አረጋገጥኩ። ማዞሪያዋን ወደ ቀኝ ጎትተህ ድምፁን ያስተካከልከው ለኔ ወንበር ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አንተ እዚህ ተቀምጠህ፣ ይህን እየሰማህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ጽቡቕ፣ ግሩም ነው፣ ትል ነበር። እኔ ደግሞ ሙዚቃው ያንተ ነው፣ እኔ ላንተ ብዬ ነው የምቀመጠው እል ነበር። ለጎረቤት ሁሉ ተናግሬዋለሁ።

ስፒከሮቹን ለማንም አልሰጥም፤ ለሕይወትም ነግሬያታለሁ። ማዞሪያዋ ካለችበት አትነቃነቅም። እኔ ግን በየቅዳሜው ከአንድ ካሴት ግማሹን ያንተ ወንበር ላይ ሆኜ እሰማለሁ፤ እንደዚያ ተጣሞ፣ እንደዚያ ጎድሎ። ለኔ ብለህ ምን እንደተውክ በሕይወት እስካለሁ እንዳልረሳ።

ያንተዋ፣
ጓል ወሎ